ሰፊ አገርን በአስር ገጽ፦ ምልልስ ከጨፋ ሮቢት

ጸሐፊ፦ መምህር፣ ኢትዮጵያን ለማያውቃት ሰው በአስር ገጽ ማስተዋወቅ ይቻላል ባይ ነኝ። ውጭ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን፣ ለሥራ የሚመጣ እንግዳ፣ የጎረቤት አገር ተማሪ፣ ሁሉም መነሻ የሚሆነው ነገር ይፈልጋል። ረቂቁን ይዤ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት እዚህ በአማራ ክልል፣ ጨፋ ሮቢት ተቀምጠው ዕድሜዎን በሙሉ ጂኦግራፊ ስላስተማሩ ነው።

መምህር፦ እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። አስር ገጽ መሙላቱ አያስቸግርም። እኔን የሚያሳስበኝ ከአስሩ ገጽ ውጭ የሚቀረው ሰው ነው። እስቲ መጀመሪያውን አንብብልኝ።

ጸሐፊ፦ «ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ3 እና በ15 ዲግሪ መካከል የምትገኝ፣ 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት አገር ናት። መላ አካሏ በሐሩር ቀጠና ውስጥ ቢሆንም ከፍታዋ አየሯን አለዝቦታል። ሕዝቧ ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይናገራል። የራሷ ፊደልና 13 ወር ያለው የዘመን አቆጣጠር አላት። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የኢጣሊያን ጦር ድል አድርጋለች። የቡና መገኛ ናት። ዋና ምግቧ የጤፍ እንጀራ ነው።»

መምህር፦ ውሸት አላገኘሁበትም። ግን ዛሬ ምሳህን እኛ ቤት ስትበላ የሚቀርብልህ የማሽላ እንጀራ ነው። እዚህ ጤፍ አይታጣም፤ ቆላው የሚኖረው ግን በማሽላ ነው። ማሽላው ሲያሸት ልጆች ወንጭፋቸውን ይዘው ማማ ላይ ይወጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ ወፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። በዚያ ሰሞን ክፍል ውስጥ የሚጎድለውን ተማሪ የት እንዳለ ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ። ወደ ደቡብ ብትወርድ ደግሞ እንሰት ተክሎ በቆጮ የሚኖረው ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠራል። ያንተ ዓረፍተ ነገር እነዚህን ሁሉ ከማዕዱ አስነሥቷቸዋል።

ጸሐፊ፦ የማሽላው ነገር እኮ የእኔን ሐሳብ ያጠነክረዋል። ጨፋ ለምን ማሽላ እንደሚዘራ የሚያስረዳው ጠቅላላው እውቀት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብላለች፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በዚህ መካከል በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ተደርድረዋል። እዚህ ቅርብ ያለችው ከሚሴ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን የተረዳ እንግዳ የጨፋን ማሽላ፣ የመንዝን ገብስና የአፋርን ግመል በአንድ ጊዜ ይረዳል። አጠቃላዩን ካላስቀደምንለት ማሽላው ከሌላው ነገር ጋር የማይገናኝ ወሬ ይሆንበታል።

መምህር፦ ይህን እቀበላለሁ፤ እኔም ያስተማርኩት እንዲሁ ነው። እዚህ መንገድ ዳር ቆመህ ወደ ምዕራብ ብታይ የመንዝ ደጋ ይታይሃል። እዚያ ሰው ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና ለብሶ ብርዱን ይከላከላል። ወደ ምሥራቅ ብትሄድ ብዙ ሳትርቅ አፋር ትደርሳለህ። ሦስት ዓይነት ኑሮ በቅርብ ርቀት ታያለህ። ስለ አየርና ስለ እህል ሲሆን አጠቃላይ ሕግ ይሠራል። ስለ ሰው ሲሆን ግን አደጋ አለው፤ አጠቃላይ የሚባለው ብዙ ጊዜ የአንዱ ወገን ገጽታ ለሌላው ሁሉ ሲተርፍ ነውና።

ጸሐፊ፦ ለምሳሌ?

መምህር፦ በ1883 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩትን ደብዳቤ ታውቀዋለህ። አገራቸውን ሲያስተዋውቁ በአረማውያን ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው አቀረቧት። ያን ጊዜ የዚህ የጨፋ ሸለቆ ሕዝብ ሙስሊም ነበር። ከዚህ በስተደቡብ ደግሞ የይፋት ሱልጣኔት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተነሥቶ ከተሞችና መስጊዶች አቁሟል፤ ፍርስራሻቸው ዛሬም አለ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያ ሁሉ ባሕር ሆነና የሰመጠ ያህል ተቆጠረ።

ጸሐፊ፦ ዘመኑን አይርሱ እንጂ። አውሮፓውያን አፍሪካን በካርታ ላይ ሲቀራመቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ድንበራቸውን ማስከበር ነበረባቸው፤ ለክርስቲያን ነገሥታት ደግሞ የሚገባቸውን ቋንቋ መረጡ። ደብዳቤው ዓላማ ነበረው።

መምህር፦ ዓላማው ይገባኛል። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ለውጭ ሰው ተብሎ የተጻፈ መግለጫ ውሎ አድሮ ወደ ቤት ይመለሳል። የመንግሥት ንግግር ይሆናል፣ የትምህርት መጽሐፍ ይሆናል፣ የበዓል ሰሌዳ ይሆናል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በላይ የተገመተ ሕዝብ በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው በዚያ መግለጫ ውስጥ ራሱን ስላጣ ነው። ሰልፈኛው የሃይማኖት እኩልነትና የሙስሊም በዓላትን መከበር ጠየቀ። ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንተም «ለእንግዳ የሚሆን አጭር ነገር ነው» ብለህ ነገሩን አታቅልለው።

ጸሐፊ፦ ሰልፉን ካነሡልኝ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ቀን ክርስቲያኖችም ከሙስሊም ወገኖቻቸው ጋር አብረው ወጥተዋል። የጠየቁትም አገሪቱ እንዳትገለጽ አልነበረም፤ እነሱም ያሉበት መግለጫ እንዲኖር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቋንቋዎች ሁሉ እኩል ዕውቅና አላቸው ሲል፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ሲልም እየሰጠን ያለው ሌላ ጠቅላላ መግለጫ ነው። ጠባቡ መግለጫ የታረመው በሰፊው እንጂ በዝምታ አይደለም።

መምህር፦ ጥሩ ብለሃል። ግን የጠባቡን መግለጫ ቦታ የያዘው ምን እንደሆነ እንይ፤ ዝርዝር ነው። ለየክልሉ አንድ ገጽ፣ ለየሕዝቡ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ልብስ፣ አንድ ጭፈራ። የአንተም ቀሪ ዘጠኝ ገጽ እንዲህ የተደረደረ ይመስለኛል።

ጸሐፊ፦ አዎ፣ በክልል ነው የከፈልኩት። አንባቢ እንዳይጠፋበት ይረዳዋል።

መምህር፦ አንባቢው ባይጠፋበትም ጨፋ ሮቢት ጠፍቶበታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአማራ ክልል ከመቶ ሰው 82 የሚሆነው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ስለዚህ የአማራ ገጽህ ላይ ጥምቀት፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና የደጋ ገበሬ ይኖራሉ፤ ይገባቸዋልም። ጨፋ ሮቢት ያለበት የዚሁ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕዝብ በዚያው ቆጠራ 457 ሺህ ገደማ ሲሆን ከአስሩ ከዘጠኝ በላይ ሙስሊም ነው፤ አብዛኛው አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ ልጆቹም በቋንቋቸው ይማራሉ። የአማራ ገጽህ ላይ ኦሮሞ ነውና አልተጻፈም። የኦሮሚያ ገጽህ ላይ አማራ ክልል ነውና አልተጻፈም። አንድ ሕዝብ በአንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

ጸሐፊ፦ ሕጉ ግን አልጣለውም። የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኦሮሞ፣ ለአዊና ለዋግ ኽምራ የብሔረሰብ አስተዳደር አቋቁሟል። እኔም በአማራ ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ እጨምራለሁ።

መምህር፦ ከዚያስ? በዚሁ ዞን ደዋ ጨፋ ወረዳ ውስጥ ሾንኬ የምትባል መንደር አለች፤ ተራራ ላይ በድንጋይ የተሠራች የአርጎባ መንደር ናት። የሾንኬ ሰው የአርጎባን ቋንቋ ጠብቆ ቆይቷል። በአማራ ክልል ውስጥ ለኦሮሞ አንቀጽ ብትጨምር በኦሮሞው አንቀጽ ውስጥ ለአርጎባ ምን ልትጨምር ነው? በባቲ በኩል ያለውን አፋርስ? ሳጥን በሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ ገጽህ ያልቃል፤ ሰው አያልቅም።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ከሆነ ነገሩ ወደ አለመጻፍ ይወስደናል። ማንም ስለ ማንም መናገር አይችልም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ከስህተቱ የባሰ ጉዳት አለው፤ እኛ ካልተናገርን ሌላው ይናገርልናል። ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ኢትዮጵያን የሕዝቦች ሙዚየም ብሏት ነበር። ሙዚየም ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ በየመስታወቱ ተዘግቶበት ይታያል እንጂ አይነካካም። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን ይህን አመለካከት ሞግቶታል። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መጽሐፉን ሲያወጣ ያጠናው የአማራን ባህል፣ በተለይም የመንዝን ደጋ ነበር።

መምህር፦ ያንን ከዚህ የሚታየውን ደጋ ማለትህ ነው። ሽቅብ ወጥቶ መንዝን አየ፤ ሸለቆው በዚያ መጽሐፍ የለም።

ጸሐፊ፦ ልክ ነው። ግን በዚያ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1974 «ትልቋ ኢትዮጵያ» ብሎ በጻፈው መጽሐፍ ሕዝቦቹ ለዘመናት በንግድ፣ በጋብቻ፣ በጦርነት፣ በአምልኮ ቦታ ሲገናኙ የኖሩ አንድ ትልቅ ኅብረተሰብ መሆናቸውን ለማሳየት ሞከረ። ከነድክመቱ መንገዱ ያ ይመስለኛል። ሕዝቦችን መዘርዘር ትቼ በመካከላቸው ያለውን ብጽፍስ? ጨፋ ያን ጊዜ ከዳር መጥቶ መሀል ይገባል።

መምህር፦ መሀል ካስገባኸው አሳየኝ። በመካከላቸው ያለው ምንድን ነው?

ጸሐፊ፦ ከውኃው ልጀምር። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ይነሣል፣ ኮምቦልቻን አልፎ የጨፋን ሜዳ ያረሰርሳል፣ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ አፋርን አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ደጋ የዘነበው ዝናብ ለአርጎባም፣ ለኦሮሞም፣ ለአፋርም ይደርሳል። ገበያውን ደግሞ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

መምህር፦ ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ። ባቲ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል፤ ደገኛው ጤፉንና ሽምብራውን በአህያ ጭኖ ይወርዳል። ገዢው የፍየሉን ወገብ ይዳብሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ «ጨምር»፣ «ቀንስ» ይባባላሉ። ዋጋው በአፋን ኦሮሞ ተጀምሮ በአማርኛ ሊያልቅ ይችላል። ሲስማሙ እጅ ለእጅ ተመታተው ይመራረቃሉ። በማን ቋንቋ ነው የገዛኸው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጸሐፊ፦ ይኸው፤ ይህ አንድ አንቀጽ ከአስር ፎቶግራፍ ይበልጣል። ሌላም አለ። የሙዚቃችን አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲ የዚህ ዞን ከተማ ናት፤ አምባሰልም ወሎ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘፋኝም ዋሽንግተን ያለ ዘፋኝም በባቲ ሲያዜም ይህን ሸለቆ ይዞ ይሄዳል። ዐድዋ ላይም የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ነበር። ጨፋን የጣለው አገሪቱ በጅምላ መገለጿ አይደለም፤ ጨፋ ለአገሪቱ የሰጠውን የዘነጋ ጸሐፊ ነው።

መምህር፦ ቡናውንም ጨምርበት። አንተ «የቡና መገኛ» ብለህ አለፍክ። እዚህ አቦሉ ሲቀዳ ዱአ ይደረጋል፤ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለዝናቡ ይለመናል። በገጠር ስኳር ሳይሆን ጨው የሚጨምር ቤት ብዙ ነው። ሥሩ የሚነሰነሰው ቄጠማ የሚበቅለው እንደ ጨፋ ባለ ረግረግ ነው። ማስተዋወቂያ መጽሐፍ ሁሉ ሲኒውንና ቄጠማውን በፎቶ ያሳያል፤ ረግረጉ እየታረሰ መሆኑን ግን አይናገርም። ወደ ትልቁ ጥያቄዬ የምመጣውም በዚህ ነው።

ጸሐፊ፦ ይጠይቁኝ።

መምህር፦ በመካከላቸው ያለውን እጽፋለሁ ብለሃል። በመካከላቸው ፍቅር ብቻ የለም። ጨፋ በበጋ የአርብቶ አደሩ መሸሸጊያ ነው። በ1994 ዓ.ም. ዝናብ ሲጠፋ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች 50 ሺህ አርብቶ አደርና 200 ሺህ እንስሳት እዚህ ሸለቆ መጠለላቸውን ጽፈዋል። አስበው፤ ሣሩ ያው ነው፣ አራሹ ማሾውንና ሽንኩርቱን ሊዘራበት ይፈልገዋል፣ አርብቶ አደሩ ከብቱን ሊያተርፍበት ይመጣል። በደህና ዘመን የየወገኑ ሽማግሌ ተቀምጦ «እስከዚህ ይግጥ፣ ከዚህ ወዲያ ቡቃያ ነው» ይላል። በክፉ ዘመን ጥይት ይናገራል። በ2013 ዓ.ም. ጎረቤታችን አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ገባ። «ወሎ የፍቅር አገር» የሚለውን ጽፈህ ብትሄድ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው፣ በዚህም ወገን ይሁን በዚያ፣ ጽሑፍህን ምን ብሎ ያንብበው?

ጸሐፊ፦ ከባድ ነው። መልሴ ግን ይጻፍ ነው። ሁለቱም ይጻፉ። እንግዳ የሚያየው ሳቅ ብቻ ከሆነ ግጭት በሰማ ቀን «ለካ ውሸት ነበር» ብሎ ሁሉን ይጥላል። ግጭት ብቻ ከነገርነው ደግሞ እነዚህ ሰዎች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ፈጽሞ አይገባውም። በአንድ ሣር የሚጣሉት በአንድ ሣር ስለሚኖሩ ነው። የአበጋር ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ የሚቀመጡት፣ ቅሬው ለቀብር የሚወጣው፣ የአፋር መንገደኛ ሌላ መንገደኛ ሲያገኝ ቆሞ ዳጉ፣ ማለትም ወሬ፣ የሚለዋወጠው ሰላምና ጠብ ሁለቱም ያሉበት አገር ስለሆነ ነው። ባህል ያልኩትም በሳቁም በሐዘኑም ቀን ሰው የሚይዘውን ሥርዓት ነው።

መምህር፦ ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ቁስሉ ገና ያልጠገገ ሰው «ሁለቱም ይጻፉ» ማለትህን በዳይና ተበዳይን እኩል ማድረግ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ማን ምን እንደሆነ ሳይጣራ «ግጭት ተከሰተ» ብሎ ማለፍም አንድ ዓይነት መደበቅ ነው። አስር ገጽ ፍርድ ቤት ሊሆን አይችልም።

ጸሐፊ፦ አይችልም፤ መሆንም የለበትም። ግን «እዚህ ያልተቋጨ ነገር አለ» ማለት ይችላል። ሌሎች ሰፋፊ አገሮችም በዚህ አልፈዋል። ኢንዶኔዥያን ያስቡ፤ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎች አሏት። እ.ኤ.አ. በ1928 ወጣቶቿ ስለ አንድነት ቃል ሲገቡ የጋራ ቋንቋ ያደረጉት ብዙ ተናጋሪ ያለውን ጃቫንኛ ሳይሆን በየወደቡ ለንግድ የሚነገረውን ማላይኛ ነው። ትልቁ ወገን የራሱን ፊት ለሁሉም አልሰጠም። እንዲህ ያለ ጠቅላላ ይቻላል ማለት ነው።

መምህር፦ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ከኢንዶኔዥያ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ጃቫ ላይ ነው፤ ራቅ ያለው ደሴት ዛሬም «ጃቫ ዋጠችን» ይላል። መልካም ምርጫ ብቻውን አይበቃም። የእኛም እንዲሁ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ አፋን ኦሮሞን አፍ የፈታበት ከመቶ 34፣ አማርኛን የፈታበት 29 ገደማ ነበር። ለብቻው ግማሽ የሞላ የለም። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ባህል እንዲህ ነው» የሚል ሰው ሁሉ ከግማሽ በታች ሆኖ ስለ ሙሉው እየተናገረ ነው። ይህን አውቆ ይናገር እንጂ አይናገር አልልም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ተቀራረብን። አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ተማሪዎችዎ የት ናቸው?

መምህር፦ እዚህ ያሉ አሉ። ብዙዎቹ ግን ዓረብ አገር ናቸው። በባቲ፣ በሚሌ አድርገው ወደ ጅቡቲ የሄዱ፣ በረሃና ባሕር ያቋረጡ አሉ። ሴቶቹ ጂዳና ሪያድ ሰው ቤት ይሠራሉ። ሁሉም በሰላም አልደረሱም፤ አላህ ይዘንላቸው።

ጸሐፊ፦ ጂዳ ያለችው ተማሪዎ «ከየት ነሽ?» ስትባል ጨፋ ሮቢት ብትል የሚያውቅላት የለም። ኢትዮጵያ ትላለች። ቀጥሎ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አገር ናት?» ይሏታል። ያን ጊዜ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። ስለ አክሱምም፣ ስለ ሐረርም፣ ስለ ነጃሺም፣ ስለ ኦሞም መናገር መብቷ ነው፤ ሁሉም የእሷ ነው። የሸለቆዋን ታሪክ ብቻ ሰጥተን አገሯን ብንነፍጋት እኛም በደልናት። አስሩ ገጽ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

መምህር፦ ይህ ልቤን ነክቶታል፤ ትክክልም ነው። ግን አስር ገጹን ከፍታ ስለ አክሱምና ስለ ሐረር ስታነብ የራሷን ከተማ፣ የራሷን ማሽላ፣ የእናቷን ቋንቋ ባታገኝ ምን ትላለች? «አገሬ ትልቅ ናት፤ እኔ ግን የለሁባትም» ትላለች። ሙሉ አገር ሰጥተህ እሷን ብታወጣት ምን ሰጠሃት? የ1883ቱ ደብዳቤ ጉዳትም ይኸው ነበር።

ጸሐፊ፦ ታዲያ ምን ይደረግ? ከ80 በላይ ቋንቋ ተናጋሪ ሁሉ ስሙ ይግባ ብንል ስም ዝርዝር ይሆናል፤ ስም ዝርዝርን ደግሞ እርስዎ ነቅፈዋል።

መምህር፦ ስም አላልኩም። አጻጻፉ ይለወጥ ነው የምለው። «ዋና ምግቧ ጤፍ ነው» ከምትል «ደጋው ገብስ፣ ወይና ደጋው ጤፍ፣ ቆላው ማሽላ፣ ደቡቡ እንሰት ይበላል፤ በገበያ ቀን ይለዋወጣል» በል። ርዝመቱ ያን ያህል አይለያይም፤ ማንንም ግን አያስወጣም። «የክርስቲያን አገር ናት» ወይም «የዚህ ክልል ሰው እንዲህ ነው» ከምትል ማን ከማን ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ በምን እንደሚጣላና በምን እንደሚታረቅ ተናገር። ሁለተኛ፣ ጽሑፍህ አዲስ አበባ ከመታተሙ በፊት ከሚሴ ይነበብ፤ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላ፣ ጂንካ ይነበብ። «ይህ እኔንም ይመለከታል» የማይል ሰው ካለ ገና አላለቀም።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ከሆነ መቼም አያልቅም።

መምህር፦ አገሪቱስ መቼ አለቀች? ሕዝባችንን በመላ አገሪቱ የቆጠርነው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አልተቆጠርንም፤ የተወለደው ተወልዷል፣ የተሰደደው ተሰድዷል። በየዘመኑ እንደገና የሚጻፍ ማስተዋወቂያ ነውር የለበትም። ነውሩ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚዘጋው ነው።

ጸሐፊ፦ እኔ አሁንም መጻፍ አለበት እላለሁ፤ ጎዶሎ ሆኖም ቢሆን። በጎዶሎው የተቆጣ ሰው ይሞላዋል፤ ያልተጻፈውን ግን ማንም አይሞላውም።

መምህር፦ እኔም አሁንም እጠራጠራለሁ፤ ጎዶሎውን ለመሙላት ሰው በ1966 አደባባይ እስኪወጣ ድረስ 80 ዓመት ያህል ፈጅቷልና። በእኔና በአንተ መካከል አንባቢ ይፍረድ። ግን እንዲሁ በሐሳብ አይፍረድ፤ ሞክሮ ይፍረድ። ይህን የሚያነብ ሁሉ ኢትዮጵያን በአምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፋት። ከዚያ ቋንቋው ወይም ሃይማኖቱ ከእሱ ለተለየ ጎረቤቱ ያንብብለት። ጎረቤቱ «እኔስ የት አለሁ?» ካለው ስድስተኛውን ዓረፍተ ነገር አብረው ይጻፉት።